ለእናታቸው ሰማንያኛ ዓመት የታቀደው ጉዞ

ገርሊንደ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ወንድሟ ኮርቢኒያን ቪየና ሆኖ አሁንም ያወራል።

«ቅዳሜ ብዬ ነበር እንዴ? ቅዳሜማ አይመቸኝም። እሁድ አድርጊው።»

«ባለፈው እሁድ ያልከው አንተ ነህ። እሁድ ብዬ አስያዝኩ። ከዚያ ቅዳሜ ይሻላል አልክ፣ አስቀየርኩ።»

«ታዲያ መልሰሽ አስቀይሪዋ። አንድ ስልክ መደወል ነው።»

ያ «አንድ ስልክ» ነበር አንጀቷን የሚያሳርራት። ሊያድሩበት ያሰቡት የተራራ ማረፊያ ቤት ጠባቂ ኖትቡርጋ ስልክ የምታነሳው ከቤቱ ውጭ፣ የባንዲራው ምሰሶ ሥር ቆማ ነው፤ ሌላ ቦታ አይሰማም። ስለዚህ ገርሊንደ በደወለች ቁጥር ግማሹን የምትሰማው ነፋስ ነው።

ነገሩ ሲጀመር ቀላል ነበር። እናታቸው ክሬሴንስ በሐምሌ ሰማንያ ዓመት ይሞላታል። ምን እንደምትፈልግ ሲጠይቋት ድግስም ስጦታም አላለችም። ሳታገባ በፊት ሁለት በጋ ዕቃ እያጠበችና እንጨት እየፈለጠች የሠራችበት ተራራው ላይ ያለ ማረፊያ ቤት ድረስ በእግሯ ወጥታ አንድ ሌሊት ማደር ብቻ ነው የጠየቀችው። አባታቸው ከተቀበረ ወዲህ ሦስቱ ልጆች አንድ ጣሪያ ሥር አድረው አያውቁም። ገርሊንደ ልቧ ተነካና «እኔ አዘጋጀዋለሁ» አለች። ያን ዕለት አፏን ብትይዝ ኖሮ ስንቱን ባልሰማች።

ኮርቢኒያን አዲስ ወዳጁን ይዞ ሊመጣ ነው፤ ሴትየዋ ስንዴ አትበላም፣ አይብ አትበላም። ማረፊያው ቤት ደግሞ ከስንዴና ከአይብ ሌላ ብዙም ነገር የለም። ውሻም አላቸው። ሳልዝቡርግ መድኃኒት ቤት ያላት የገርሊንደ እህት ሮስቪታ በበኩሏ ሰው እያንኮራፋ እንቅልፍ ስለማይወስዳት የግል ክፍል ካልተገኘ አልመጣም ብላለች።

«ውሻ አይገባም» አለች ኖትቡርጋ በነፋሱ መሃል። «የግል ክፍል የለም። ስንት ናችሁ?»

«አምስት። ወይም… ሦስት ልንሆን እንችላለን።»

«እመቤቴ፣ ሲወስኑ ይደውሉልኝ። ድንች እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ሮስቪታ ደወለች። «የእማ ጉልበት አይችልም። መጀመሪያ ሐኪም ይየው።» ኮርቢኒያን ደግሞ ለምን ታች ሸለቆው ውስጥ ጥሩ ሆቴል አንይዝላትም አለ፤ በረንዳው ላይ ሆና ተራራውን ታየዋለች። ይህ ሁሉ የሚባለው ገርሊንደ እናቷ ቤት መጥታ፣ እናትየው ወጥ ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብላ እየሰማች፣ የገርሊንደ ስልክ ድምፁ ተለቆ ጠረጴዛው ላይ እየጮኸ ነው። አንድ ቀን ገርሊንደ ስልኩን ዘግታ «ልጆችሽ ጨጓራዬን ላጡት» ስትላት፣ ክሬሴንስ «እኔ የጠየቅሁት አንድ ሌሊት ነበር» አለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የገርሊንደ ትዕግሥት አለቀ። ለኖትቡርጋ ደውላ ሁሉንም ሰረዘችና ለእናቷ ልትነግር መኪናዋን አስነስታ ሄደች። በሩ ተቆልፏል። የእናቷ ጎረቤት አሎይስ አበባ እያጠጣ ነበር።

«በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዳለች» አለ። «የተራራ ጫማ ነበር ያደረገችው። እኔማ አብራችሁ የምትሄዱ መስሎኝ።»

ገርሊንደ መኪናውን መንገዱ የሚያልቅበት አቁማ በጥዱ ደን ውስጥ እየሮጠች ወጣች። በየመታጠፊያው ገደሉን ቁልቁል ታያለች። ዛፉ አልቆ ሣሩ ሲጀምር፣ ጅረቱ ዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ሴት ታየቻት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ዳቦ ትበላለች።

«መጣሽ?» አለች ክሬሴንስ።

«እማ፣ ምን ነካሽ? ብትወድቂስ ኖሮ?»

«ወድቄያለሁ። ትንሽ ነው።» የተላጠ መዳፏን አሳየቻት።

ገርሊንደ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ግን ተወችው። የእናቷን መዳፍ በመሐረብ አሰረችላት። «በይ ተነሺ፣ እንውረድ።»

«ቁልቁለቱ ነው ጉልበቴን የሚገድለው። ዳገቱ ይሻለኛል።»

«ሰርዤዋለሁ እኮ! አልጋ የለንም።»

«አልጋ መቼ ጠየቅሁሽ? ወለል ላይ እተኛለሁ። ሰማንያ ዓመት ሳይሞላኝ በእናንተ ስብሰባ ልሞት ነው።»

«ታዲያ ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?»

«ብነግርሽ ለኮርቢኒያን ትደውዪለታለሽ።»

እውነቷን ነው። ገርሊንደ የእናቷን ሻንጣ ተሸክማ ከኋላ ተከተለቻት። ክሬሴንስ ትንሽ ትሄዳለች፣ ምርኩዟን ተደግፋ ትተነፍሳለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። «ቀስ በይ» ስትባል «ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ መቆሜ ነው» ትላለች። በስተምዕራብ ደመናው እየጠቆረ ሲመጣ ገርሊንደ በሆዷ ወንድምና እህቷን ትራገም ነበር። ነጎድጓዱ የጀመረው ማረፊያ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ነው።

ኖትቡርጋ ሽርጧን እንደታጠቀች ወጣች። ገርሊንደ «ይቅርታ ያድርጉልኝ…» ብላ ስትጀምር አቋረጠቻት።

«እዚህ ከፍታ ላይ ለወጣ አንቱታ የለም። ጠዋት የሰረዝሽው አንቺ አይደለሽም? ዛሬ ደግሞ አልጋውን ሁሉ ሆላንዳውያን ወስደውታል።»

ክሬሴንስ ሁለቱን ትታ ወጥ ቤቱን በበሩ ታይ ነበር። «ምድጃውን ቀይራችሁታል» አለች። «ጓዳው ግን ያው ነው። ከኋላው አራት ሴቶች የምናድርበት ክፍል ነበር።»

ኖትቡርጋ አተኩራ አየቻት። «እዚህ ሠርተሻል? ክፍሉማ አለ። ረዳቴ ጥርሷን አሟት ወርዳለች። ሁለት አልጋ አለው።»

ዝናቡ ሲያባራ ገርሊንደ ምሰሶው ሥር ሄደች። ስልኳ ወዲያው ጮኸ።

«ተስማማን!» አለ ኮርቢኒያን። «እሁድ ነው። ሮስቪታም እሺ ብላለች።»

«እማ እኮ ማረፊያ ቤቱ ደርሳለች። ሾርባዋን እየበላች ነው።»

«ያለ እኛ?»

«ያለ እናንተ። ከፈለጋችሁ ኑ። ውሻው ውጭ ያድራል፣ ሮስቪታም ጆሮዋን ትድፈን።» ዘጋችው፤ ጉዞውን ማዘጋጀት ከጀመረች ወዲህ እንደዚያ ቀልሏት አያውቅም።

ኮርቢኒያን አልመጣም፤ አኩርፎ ሳምንት ሙሉ አልደወለም። ሮስቪታ ግን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተረከዟ ተልጦ፣ ፊቷ ቀልቶ ደረሰች። እናቷ አንድ ሌሊት ያለችውን ረስታ ወጥ ቤት ውስጥ ከኖትቡርጋ ጋር ድንች ትልጣለች።

«መንገዱ እንዲህ መሆኑን ማንም አልነገረኝም» አለች ሮስቪታ። «የት ነው የምተኛው?»

«ጫማሽን አውልቂ» አለች ክሬሴንስ፣ ቢላዋ እያቀበለቻት። «መጀመሪያ ይህን እንጨርስ።»