የዘንዶ ጋላቢው ስም

የመሥሪያ ቤቱ ሰው «እትዬ ማህተም» ይላቸዋል። በልደት ምዝገባ መስኮት ሠላሳ ዓመት ተቀምጠዋል፤ እንዲህ ያለ ጣጣ ግን አይተው አያውቁም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል ነበር። አሁን መልአኩ ሥራውን ለቅቆ ወንበሩን ለተረት መጽሐፍ አስረክቧል። በዚህ ሳምንት ብቻ አንዲት ጠንቋይ ንግሥትና ሁለት ዘንዶ ጋላቢዎች መዝግበዋል። አንዱ አባትማ ጭራሽ ልጁን በሰይፍ ስም አስመዘገበ። በሰይፍ! ወይ ጉድ!

ስሞቹን ሳይሳሳቱ ለመጻፍ ሲሉ ሦስቱን የዘንዶ መጻሕፍት ተውሰው፣ በምሳ ሰዓታቸው እየተነጫነጩ ጨርሰዋቸዋል። ያ ዘንዶ ጋላቢ በመጨረሻው መጽሐፍ ወደ ተወለደበት ከተማ ተመልሶ ከነነዋሪው በእሳት ያጋየዋል። ስሙን ይዘው የሚመጡት ወላጆች ግን አንዳቸውም እዚያ አልደረሱም። ሳያነቡ ይወልዳሉ! መመሪያው ደግሞ መዝጋቢ ስም ይጽፋል እንጂ አይተችም ይላል። አንጀታቸው እያረረ ይጽፋሉ።

ዛሬ ግን ከመስኮቱ ፊት የቆመችው የገዛ ልጃቸው ናት። ሕፃኑን ታቅፋለች፤ ፎርሙን ባሏ ይዟል። የልጁ ስም ለእትዬ ማህተም ያለቀለት ጉዳይ ነበር፦ የሟች ባለቤታቸው ስም። ሁለት ጊዜ ለልጃቸው ነግረዋታል፤ ዝም ስትል እሺ ያለች መስሏቸው ነበር። ያንን ስም ከእሳቸው ሌላ የሚያነሳው ሰው አልቀረም።

መነጽራቸውን አጥልቀው ፎርሙን አዩ። ዘንዶ ጋላቢው!

«አንቺ ልጅ፣ ልትገድይኝ ነው?»

«እማዬ፣ ሰው እኮ ይሰማል።»

«ይስማ! የአባትሽ ስም ምን ጎደለው?»

አማችየው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እማማ፣ ይሄኛው ግርማ ሞገስ አለው ብለን ነው።»

«አንተ ደግሞ! ለመሆኑ መጽሐፉን አንብበኸዋል?»

«ጀምሬዋለሁ።»

«ጀምሬዋለሁ ይላል እንዴ!» ማህተሙን ጠረጴዛው ላይ ደቅ አደረጉት። «እንግዲያው ልንገራችሁ። ይሄ ጀግናችሁ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚያደርግ…»

«እንዳትነግሪኝ!» ልጃቸው ጮኸች። ሕፃኑ ባነነ። እያባበለችው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባዬ ነው ያነበበልኝ። ታሞ የተኛ ጊዜ፣ አንቺ ከሥራ እስክትመጪ። እሱ ዘንዶ ጋላቢው ነበር፣ እኔ ዘንዶው። አባዬ ማለቱን ትቼ በዚህ ስም ነበር የምጠራው። ሆስፒታል የገባ ቀን ሁለተኛው መጽሐፍ መሃል ላይ ደርሰን ነበር። ስመለስ እንቀጥላለን ብሎ ገጹን አጠፈልኝ። ከዚያ ወዲያ ገልጬው አላውቅም። ለእኔ የአባዬ ስም ይሄ ነው፣ እማዬ።»

እትዬ ማህተም የያዙትን ማህተም ለቀቁት። በዚያ ዓመት ለመድኃኒቱ ሲሉ እዚሁ መስኮት ላይ እያመሹ የሰው ልጅ ስም ይጽፉ ነበር። ቤት ሲገቡ አባትና ልጅ ተደጋግፈው እንቅልፍ ወስዷቸው፣ አንድ መጽሐፍ ወለሉ ላይ ወድቆ ያገኛሉ። አንስተው ከትራሷ አጠገብ ያኖሩታል። ርዕሱን እንኳ አይተውት አያውቁም።

ወረፋው ማጉረምረም ጀመረ። እትዬ ማህተም እስክሪብቶ አነሱ፤ ስሙን አንድም ፊደል ሳይሳሳቱ ጻፉና ማህተሙን አሳረፉበት።

«ግን እማማ፣» አለ አማችየው ወረቀቱን እየተቀበለ፣ «እርስዎ ጨርሰውታል ማለት ነው? ጀግናው መጨረሻው ምን ይሆናል?»

ልጃቸው በዚህ ጊዜ አልጮኸችም። ሕፃኑን እንዳቀፈች ቀና ብላ እናቷን አየቻቸው። እትዬ ማህተም በዚያ መስኮት ሠላሳ ዓመት ሲቀመጡ ሐሰት ወጥቷቸው አያውቅም።

«በደህና ወደ ቤቱ ይመለሳል» አሉ። «በቃ፣ መንገድ ልቀቁ። ቀጣይ!»