የሃርላን የጋራዥ በር

ሃርላን ጋስኪልን ስለ ጨው የጠየቀ ሰው ቀኑን ሙሉ አይለቀቅም። ሰባ ዓመቱን ሙሉ የኖረው በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ሃተራስ ደሴት ላይ ነው፤ አርባውን ዓመት የጀልባ ሞተር ሲጠግን አሳልፏል። «ጨው በነፋስ ነው የሚመጣው» ይላል፣ ጣቱን ወደ ባሕሩ ቀስሮ። «ቤትህን ሊበላ ሲመጣ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። አንተም ፊት ለፊት ጠብቀው!» እናም በየቅዳሜው ጠዋት የጋራዡን በር በንጹሕ ውሃ ያጥባል፣ በጨርቅ ያደርቃል፣ ሞላውንና ማጠፊያውን ዘይት ይቀባል። ዝናብ ቢዘንብ እንኳ አይቀርም። ጎረቤቶቹ ቅዳሜ መሆኑን የሚያውቁት እሱ የውሃ ጎማ ይዞ ሲወጣ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው ከአንድያ ሴት ልጁ ጋር ሦስት ዓመት ሳይነጋገር የኖረው፤ ያውም በበር ምክንያት።

ሚስቱ ሎቲ በታመመችበት የብርድ ወራት ሃርላን ከባሕሩ ማዶ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ቤት ተከራይቶ አራት ወር አስታመማት። የደሴቱን ቤት ለልጁ ለኮሪንና ለባሏ ለግራንት ትቶላቸው ሄደ። ግራንት ባሕር የሌላት የበቆሎ አገር፣ የአዮዋ ሰው ነው፤ ባሕር ያየው በሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሲበዛ ዝምተኛ። ሃርላን ሊሄድ ሲል በሩ እንዴት እንደሚታጠብ በወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈለት። ከታችም «ቅዳሜ ማለት ቅዳሜ ነው፤ እሑድ አይደለም» ብሎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ሎቲ በሚያዝያ ሞተች። ሃርላን ተመልሶ ቀኑን ባሕር ላይ ይውል ጀመር፤ የበሩ እጥበት ግን በግራንት እጅ እንዳለ ቀጠለ። በመስከረም አውሎ ነፋሱ መጣ።

ሰው ሁሉ ደሴቱን ለቆ ወጥቶ ሲመለስ፣ የጋስኪል ጋራዥ በር ከታች በኩል ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ። አንዴ በሩ ከተከፈተለት ነፋስ ምን ይሳነዋል? ገብቶ ጣሪያውን ይዞት ሄደ። ከጋራዡ በላይ ያለው ደግሞ የሎቲ ክፍል ነበር። በእጇ የሰፋቻቸው ብርድ ልብሶች፣ የአርባ ዓመት ፎቶ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ታማ ሳለች ለኮሪን የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች እዚያ ነበሩ። ዘጠኝ ፖስታ ናቸው፤ «ልጅ ስትወልጂ ክፈቻቸው» ብላ ያስቀመጠቻቸው። አንዱም አልተረፈ።

ጎረቤት ሁሉ ፍርስራሽ በሚለቅምበት መሃል ሃርላን ጎንበስ ብሎ የበሩን የታችኛውን ማሰሪያ ብረት አነሳ። ብረቱ እጁ ላይ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ዞር ብሎ ግራንትን አየው።

«አንተ ሰነፍ! አንድ ባልዲ ውሃ ነው የከበደህ?»

«አጥቤዋለሁ፣ ሚስተር ሃርላን። አንድም ቅዳሜ አላለፈኝም።»

«ይሄ ነው የታጠበው? ይሄ? እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ የበቆሎ አገር ሰው ቤት ያስጠበቅሁ! ሎቲን ዳግመኛ ገደልክብኝ፤ አንተ ነህ የገደልካት!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ግራንት ሊመልስ አፉን ሲከፍት ኮሪን ክንዱን ጨበጥ አድርጋ ከዚያ አራቀችው። ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። በሳምንቱ ዕቃቸውን ጭነው ወደ መሃል አገር፣ ራሌ ከተማ አጠገብ ሄዱ። በጥር ሴት ልጅ ወለደች፤ ሃርላን ይህን የሰማው ከፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ነው። «ግራንት መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኝ» አለ። የተሰበረውን በር እንኳ አልጣለውም፤ ለምስክር ይሁን ብሎ ከቤቱ ጀርባ በሸራ ሸፍኖ አስቀመጠው። አይ ሃርላን!

ዘንድሮ ግንቦት ላይ አዲሱ በር ሲከፈት ማቃሰት ጀመረ። ሃርላን ዴልፊን ጠራት። ዴልፊ የድሮ የሥራ ባልደረባው ልጅ ናት፤ የደሴቱን በር ሁሉ የምትጠግነው እሷ ነች። ተንበርክካ በባትሪ የበሩን ታች ስታይ ቆየችና ሳቅ አለች።

«ሚስተር ሃርላን፣ ይህን በር የሚያጥበው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?»

«ከውጭ መስታወት ነው፤ ጺም ያስላጫል። እስቲ ወዲህ ይምጡና ከውስጥ ይዩት።»

ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ ወረደ። የሽቦ ገመዱን የሚይዘው ማሰሪያ ቡናማ ሆኖ ተላልጧል። ቡሎኖቹ አብጠዋል። ጣቱን ቢያስነካው ቅርፊቱ ረገፈ። ይህን መልክ ያውቀዋል፤ በእጁ ይዞት ያውቃል።

«በሦስት ዓመት?» አለ ድምፁ ወርዶ።

«በሦስት ዓመት። እዚህ ውስጥ ምንድነው የሚያስገቡት?»

ኋላቸው ጀልባዋ ከነተሳቢዋ ቆማ ጠብ ጠብ ትላለች። ሃርላን ጠዋት ከዓሣ እንደተመለሰ እንዳለች ጎትቶ አስገብቷታል፤ ድሮም እንደዚያው ነው። የባሕሩ ውሃ በሲሚንቶው ላይ ተንሸራቶ እስከ በሩ ደርሶ፣ እሱ ራሱ ነፋስ እንዳያስገባ ጥርቅም አድርጎ የገጠመው ላስቲክ ሥር ተኝቷል።

«ነፋሱስ አልገባም» አለች ዴልፊ። «ግን ባሕሩን ራስዎ በተሳቢ ጎትተው ያስገቡታል፣ በር ዘግተው ያፍኑታል፣ ሙቀት ሲያገኘው ይተንና ብረቱ ላይ ያርፋል። አይዘኑ፤ የደሴቱ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው፣ አባቴም እንዲሁ ነበር። ከውጭ ያጥባሉ፣ ከውስጥ ያጠጣሉ። ተሳቢዋን ውጭ ይጠቧት፣ ትድረቅ፣ ከዚያ ትግባ። በሩን ከውስጥም ይጠቡት፣ አየር መውጫም ይተዉለት። በቃ፣ ሌላ ጥበብ የለውም።»

ማሰሪያውን በማይዝግ ብረት ለውጣለት ሄደች።

ሃርላን ወደ ቤቱ ጀርባ ዞረ። ሸራውን ገፎ የድሮውን በር አንዱን ክፍል ብቻውን ታግሎ ገለበጠው። የውስጡ ፊት ተበልቶ ወንፊት ሆኗል። የውጭው ፊት ግን ነጭ ነው። ቀለሙ ሳይነካ፣ በሸንተረሮቹ ውስጥ እንኳ የጨው ዱቄት ሳይኖር። ሸንተረሩን አንድ በአንድ በትንሽ ብሩሽ የፈተገው ሰው አለ። ሃርላን ራሱ በዕድሜው እንዲያ አድርጎ አያውቅም።

ያኔ ትዝ አለው። ወደ ሆስፒታል በሄዱበት ዋዜማ፣ እራት ላይ፣ ግራንት «ሚስተር ሃርላን፣ ጀልባዋ ከመግባቷ በፊት ውጭ ብትንጠፈጠፍ አይሻልም?» ብሎት ነበር። «ስማ» አለው ሃርላን፣ «ስለ በቆሎ ስጠይቅህ ያኔ ትነግረኛለህ።» ገበታው ላይ የነበረ ሁሉ ሳቀ። ግራንትም አብሮ ሳቀ፣ ምስኪን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ ያ ሁሉ ስድብ ለራሱ የሚገባ ስድብ ነበር። ሃርላን ሣሩ ላይ ቁጭ አለና «ምን ሠራሁ?» አለ ጮክ ብሎ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። በሩን ሳያጥብ መኪናውን አስነሥቶ አራት ሰዓት ሙሉ ነዳ። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲያሰላስል፣ ሲያሳምር፣ ሲደጋግም ሄደ። ግራንት ደጁ ላይ አጥር ሲጠግን አገኘው። ያ ሁሉ የተዘጋጀ ንግግር ጠፋ።

«ጀልባዋ ናት» አለ ሃርላን። «በሩን የበላችው ጀልባዋ ናት።»

ግራንት መዶሻውን አስቀመጠ። «አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅህ?»

«ያን ዕለት። ብረቱን ሲያነሡት በየት በኩል እንደተበላ አየሁት። ኮሪንም አየችው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ፣ ሰውዬ? ሳዋርድህ ምነው ዝም አልክ?»

«ሚስትዎን ከቀበሩ ገና አምስት ወርዎ ነበር። ኮሪን ‹የእማዬን ደብዳቤ ያጠፋው ራሱ መሆኑን ካወቀ ዓመቱን አይሻገርም› አለችኝ። እኔም እችለዋለሁ ብዬ አሰብኩ።» ግራንት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ሳምንት ቻልኩት። ከዚያ ሱቅ መግባት እንኳ አቃተኝ። የሚያየኝ ሁሉ ገዳይ ነው የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።»

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

«እኔ ከተውኩት ቆየሁ፣ እውነቴን ነው። የኮሪን ግን ሌላ ነው፤ እሱን እኔ ልለምንልዎት አልችልም። ወጥ ቤት ናት፣ ይግቡ።»

ኮሪን ጠረጴዛ ላይ ድንች ትልጣለች። አንዲት ትንሽ ልጅ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የድስት ክዳን ታንኳኳለች። ልጅቱ ማንኳኳቷን ትታ ሽማግሌውን አየችው።

«እማ፣ ማነው?»

«ሃርላን ይባላል» አለች ኮሪን። አያትሽ ነው አላለችም።

ሃርላን የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። «ደብዳቤዎቹን የፈጀኋቸው እኔ ነኝ። ትናንት ነው ያወቅሁት። በምን እንደምክስሽ አላውቅም።»

«ደብዳቤውንማ ያኔውኑ ተውኩት፣ አባዬ። ወረቀት ነው።» ቢላዋዋ አልቆመም። «እማዬን አብረን ቀበርናት። ከዚያ አብሮኝ ሊያለቅስ የሚችል አንተ ብቻ ነበርክ። እሷን እንደ እኔ የሚያውቃት ሌላ ማን ነበረኝ? ስልኩን አንስቼ ስንት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። ሦስት ዓመት ብቻዬን አለቀስኩላት፤ ጨረስኩ። አሁን መጣህ።»

ሃርላን ግን ገና አልጀመረም ነበር። ሦስት ዓመት ሲቆጣ ነው የኖረው፤ ለሎቲ አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰላትም። እዚያው በሩ ላይ እንደቆመ እንባው መጣ፣ ሊያቆመውም አልቻለም። ልጅቱ ደንግጣ ወደ እናቷ ሸሸች። ኮሪን አንድ ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችለት፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም።