የልብ ሰቃላ

«ከሰቃላ አልወደቅኩም አልኩ እኮ!» ኑህ ደረቱ ላይ የተለጠፉትን ገመዶች እየጎተተ ከአልጋው ተነሳ። «መሬት ቆሜ ብረት ሳቀብል ነው ያዞረኝ። ወደቀ ብላችሁ ጥፋቱን እኔ ላይ ልትለጥፉ?»

ስለ «ሰቃላ» ማስረዳት የጀመረው የሳዑዲው ኾበር ሆስፒታል ዶክተር ግራ ገባው። የምታስተረጉመው የአዲስ አበባ ልጅ ነርስ ሙኒት ሳቋን ዋጠች። ኑህ አየባት። የተማረ ሰው ሲስቅበት ያውቃል።

«ለግንበኛ መወጣጫ የምታቆመውን ብረት አይደለም ሰቃላ ያለው። ልብህ ውስጥ ያለውን ነው።»

«ልቤ ውስጥ ደግሞ ማን ብረት አቆመ?»

«ስማኝማ። ልብህ የተሠራባቸው ሴሎች እንደ ሕንፃ አጽም አላቸው፤ ከቀጫጭን ክር። እዚያ ላይ የሚታሰር ፕሮቲን አለ፤ እሱን ነው ሰቃላ ያለው። ኢንዛይም የሚባሉት ሠራተኞች እሱ ላይ ይቆማሉ። ስትደነግጥ፣ ስትናደድ፣ ከባድ ስታነሳ ‹ፍጠን› የሚል መልእክት ይመጣል። ሠራተኛው አጠገቡ ያለውን የሴሉን በር ይነካል፤ ልብህም በሥርዓቱ ይመታል።»

«የኔስ?»

«ያንተ አስተሳሰሩ ተበላሽቷል። ሠራተኛው አለ፤ ግን ከሥራው ርቆ ቆሟል። መልእክቱ ሲመጣ በሩ ጋ የሚደርስ የለም። ልብህ ይዘበራረቃል። ሊቆምም ይችላል።»

ይሄ ገባው። ተቀመጠ።

«አብሮህ የተወለደ ነው፤ በዘር ይሄዳል» አለች ሙኒት። «ወንድም አለህ? እሱም መታየት አለበት።»

«የለኝም።»

ነበረው። ታናሹን ኸጣብን ከኮምቦልቻ ያስመጣው፣ እዚሁ ኾበር ቱቅባ ሰፈር ፍራሹን ያካፈለው፣ ብረት ማሰር ያስተማረው እሱ ነው። አረብኛ የቀናው ኸጣብ ፎርማን የሆነ ቀን ታላቁን በሰው ሁሉ ፊት «ሰዲቅ!» ብሎ ጠራው፤ አረብ ስሙን ሊያውቅለት የማይፈልገውን ሠራተኛ ‹ወዳጅ› እያለ እንደሚጠራው። እናታቸው ቤት «ወንድም ጋሼ» ይል የነበረው አፍ! ኑህ የዚያን ቀን ምሳ አልበላም። ከዚያ ወዲህም የበላው አንዱም ሆዱ የገባ አይመስለውም።

ስልኩ ጮኸ። ኸጣብ ነው።

«ሰዲቅ፣ ኸላስ አልጨረስክም? ሰው ጎድሎብኛል። ብረቱን እኔው ሰቃላው ላይ ወጥቼ ልስበው ነው።»

«ማነው ሰዲቅህ? አንተ ውለታ ቢስ!»

አጠገቡ ያለው የልብ ምት ማሽን መንጫጫት ጀመረ። ሙኒት ትከሻውን ያዘችው። «አትጩህ! ምን ተባልክ አሁን?»

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለ ኸጣብ፤ ድምፁ ተለወጠ። «ምን ሆነሃል?»

ኑህ የሚመልሰው ሞልቶት ነበር፤ ስንት ዓመት ሲያብላላው የኖረ ነው። ምላሱ ላይ ደረሰ። ግን በወንድሙም ደረት ውስጥ ያው የላላ ማሰሪያ ሊኖር ይችላል፤ ሰውየው ደግሞ በዚያ ፀሐይ ሊወጣ እግሩን አንስቷል።

ስልኩን ለሙኒት ዘረጋላት።

«ወንድሜ ነው» አለ። «እንዳይወጣ ንገሪው። ቀስ ብለሽ፣ እህቴ፤ እኔ ከጀመርኩ እጮህበታለሁ።»