የኔትወርክ ካርድ አልተገኘም

ሚሺጋን ሰሜን ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ቦርድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ ሥራዋን ሊያይ ስለነበር፣ ቨርና ላህቲ ሰኞ ጠዋት ቁርስ ሳትቀምስ ገባች። ለሕዝብ በተቀመጡት አሥራ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ትጭናለች። እንዲህ ያለ ሥራ ለብቻዋ ሲሰጣት በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። አለቃዋ ረስ ኮስኪ በሰኔ ጡረታ ይወጣል። "የምትተካኝ እሷ ናት ብያቸዋለሁ" ያላትም ራሱ ነው።

ፍላሹን ሰክታ ጀመረች። ጭነቱ ደህና ሲሄድ ቆይቶ መሀል ላይ ቀጥ አለ፦ "የኔትወርክ ካርድ አልተገኘም።" ገመዱን ቀየረች፤ ያው። ሁለተኛውን ኮምፒውተር ሞከረች፤ ያው። ሦስተኛውም እንደዚያው ሲላት ረስ ጋ ደወለች።

"ኧረ ጉድ ሆኛለሁ ረስ፣ ካርዱን አላየውም ይለኛል።"

"አይዞሽ ልጄ፣ አሮጌ ዕቃ እኮ ነው። ካርዱን ከሲስተሙ የሚያግባባው ድራይቨር ጠፍቶ ይሆናል። አውርደሽ ጫኚው።"

ከቢሮዋ ኮምፒውተር አውርዳ ጫነች። አልሆነም። ደወለች። "የቆየውን ስሪት ሞክሪ" አላት። እሱም እምቢ አለ። "እንግዲያው ፍላሹ ነው፤ እንደ አዲስ አዘጋጂው።" አንድ ሰዓት ፈጀባት። በአራተኛው ጥሪ እንኳ ድምፁ አልሰለቸም።

"ካልሆነልሽ እኔ መጥቼ አጠገብሽ እቆማለሁ። አንዳንዴ ሽማግሌም ያስፈልጋል" ብሎ ሳቀ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለችው፤ ከልቧ ነበር።

ስልኩን ዘግታ፣ እስካሁን እጇ ያልደረሰበትን አሥራ ሁለተኛውን ኮምፒውተር አበራችው። አሮጌው ሲስተም እንዳለ ነው። እሱም ኔትወርክ የለውም። ዓርብ ማታ ግን አንዲት ሴት በዚሁ ኮምፒውተር የሥራ ማመልከቻ ስትልክ ቨርና ራሷ ረድታታለች። ያልተነካ ኮምፒውተር በጭነት ጣጣ አይበላሽም።

እንደገና አስነሳችውና፣ ሲስተሙ ሳይነቃ የሚከፈተውን የማሽኑን የራሱን ማስተካከያ ገጽ ከፈተች። የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት እሷና ረስ ብቻ ናቸው። የኔትወርክ ካርድ፦ ዝግ። ሌላውን አየች፤ ዝግ። አሥራ ሁለቱም። ቅዳሜና እሑድ ሕንጻው አይከፈትም፤ ከእሷ በቀር ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ነው።

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ካርዱን ከመዝጋቱ ይልቅ ያ "አይዞሽ" ነው የጎዳት። እያወቀ፣ አራት ጊዜ።

ከዚያ ተነስታ አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ጭነቱ ያለ አንዳች እንከን ሄደ።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ረስ ጫማው ላይ ያለውን በረዶ እያራገፈ ገባ። በወረቀት የተጠቀለለ፣ ሥጋና ድንች የታጨቀበት ትኩስ ፓስቲ ይዞላት መጥቷል። የበሩትን ስክሪኖች ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"አገኘሽው?"

"አገኘሁት። አሥራ ሁለቱም ዝግ ነበሩ።"

ፓስቲውን የት እንደሚያኖረው ጠፋው። "ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ውጣ አሉኝ፣ ቨርና። ያለ እኔ እንደማይሆን አንድ ቀን እንዲያዩት ብዬ እንጂ አንቺን ልጎዳ አይደለም።"

"ታዲያ ማንን አዋርደህ ልታሳያቸው ነበር?"

ፓስቲውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"አባቴ የሞተ ለት መጀመሪያ የደወልኩት ላንተ ነው" አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "አቶ ኮስኪ፣ ቁልፉን እዚህ ያስቀምጡልኝ" አለችው።

አንቱ ብላው አታውቅም። ሰውዬው እንደተመታ ሆነ። ቁልፉን አኑሮ ወጣ።

ቦርዱ መጥቶ አየ፤ ተደሰተ። ሰብሳቢዋ ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ፣ "ረስ ምንኛ ጥሩ አድርጎ አስተምሮሻል!" አለች።

ቨርና የረስን ቁልፍ ኪሷ ከተተችው። እውነትም ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው። ያን መካድ ብትችል ኖሮ ይቀላት ነበር። በሰኔ የረስ የስንብት ኬክ ለሚቆረስበት ቀን የዕረፍት ፈቃድ ጠየቀች።