ኖር የማይባልበት ጀልባ

እኔ እማዋይሽ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ተነሣልሽ ተብዬ ተወቀስኩ። ሰው ሰደብሽ ተብዬ አይደለም፣ የሰው ነገር ነካሽ ተብዬም አይደለም። ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ኖር» ስላሉኝ ነው። ወቃሿ ደግሞ አምጬ የወለድኳት ልጄ ዜማ ናት። እዚህ አሜሪካ፣ በዳላስ ዙሪያ ከቤድፎርድ እስከ ሮውሌት ያለው ሐበሻ ነገሩን እንደየአፉ እያጣፈጠ ስቆበታል። እንግዲህ ከእኔም ይሰማ።

ነገሩ የመጣው በዜማ ባል በፍቅሩ ጀልባ ነው። ፍቅሩ ዌርሃውስ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሣ ሲጥል ወገቡን ታመመና ሐኪም ዕቃ አታንሣ አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ታክሲ ይነዳል። እሱ ግን ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ የእንግሊዝ አገር ሰዎች በቀጭን ረጅም ጀልባ ሲንሸራሸሩ በስልኩ ያይ ጀመር። በሰው እጅ በተቆፈረ ቦይ ላይ እንደ ኤሊ እየተጎተቱ ይሄዳሉ። ድንጋይ ከሰል ይጫንበት የነበረውን ወደብ፣ የተዘጋውን ፋብሪካ፣ የዛገውን ድልድይ እያዩ ይደነቃሉ። እዚያው ጀልባው ውስጥ ያበስላሉ፣ እዚያው ይተኛሉ።

«ሰው የፈረሰ ነገር ለማየት መንገድ ይወጣል?» አልኩት።

«እማማ፣ ማለቴ፣ የድሮ ሰው የሠራው እኮ ነው።»

«እኔም የድሮ ሰው ነኝ። ቲኬት ቆርጦ ሊያየኝ የመጣ የለም።»

ቆይቶ እንዲህ ያለ ነገር እዚሁ በአፍንጫችን ሥር እንዳለ ሰማ። ድሮ፣ መቶ ዓመት አልፎታል ይላል፣ መርከብ ከባሕር ተነሥቶ ዳላስ ድረስ እንዲመጣ ብለው የትሪኒቲ ወንዝ ላይ ሎክ የሚባል ነገር ሠርተው ነበር። ሁለት ግንብ ፊት ለፊት ይቆማል። መርከቡ መሐል ሲገባ ከፊትም ከኋላም በር ይዘጋበታል። ውሃ ሲሞሉበት መርከቡ እንደ ሊፍት ወደ ላይ ይነሣል። ጥቂት ሎክ ሠሩና ተዉት። መርከቡ ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ሲሚንቶ ያቦካው፣ ያን ሁሉ ድንጋይ የተሸከመው ሰው ወገቡ እንደተቆረጠ ቀረ ማለት ነው። ተሳስተናል ብሎ ደጁ የሄደ ይኖራል? አይኖርም።

ፍቅሩ ያን ሎክ ለሰው በጀልባ እያዞርኩ አሳያለሁ፣ እንጀራዬም ይኸው ይሆናል ብሎ ተነሣ። መኪና ፓርክ በምናደርግበት ቦታ ቀጭን ረጅም ጀልባ ሲገጣጥም ከረመ። የሰፈሩ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰውዬ በቁምጣ መጥቶ ጀልባው የሰፈሩን መልክ ያበላሻል አለ። ያንተ ቅልጥም ነው የሚያበላሸው በይልኝ አልኳት ዜማን። እሷ ግን ፈገግ ብላ ሌላ ነገር ነገረችው። ይቺ ልጅ ስታስተረጉም ሁልጊዜ ጨው ትቀንሳለች።

ጀልባው አለቀ። ሰው ለማሳፈር ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ ደግሞ ተሳፋሪ ሞልቶበት ሲሄድ ፈታኝ ማየት አለበት ተባለ። ፍቅሩ የጽዋ ማኅበራችንን ሰዎች ለመነ፣ እነሱም ቅዳሜ ወንዙ ዳር ተሰበሰቡ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስለመጣሁ ዘገየሁ። ስደርስ ሁሉም በግራና በቀኝ በጀልባው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ፈታኙ ባርኔጣውን አድርጎ ጫፉ ላይ ተቀምጧል። አንድ እግሬን ጀልባው ውስጥ ሳሳርፍ ይርጉ ብድግ አለ። ይርጉ የማኅበራችን ሙሴ፣ አለቃችን ነው፣ ክብር ያውቃል። እሱ ሲነሣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ፣ ደግሞም ሊስሙኝ ወደ እኔ አዘነበሉ።

«ኖር፣ እማማ እማዋይሽ።»

በእግዜር ብዬ ሳልጨርስ ጀልባው ወደ እኔ ተጋደመ። ይርጉ እኔን ያዘኝ፣ ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ተያያዙ። ፈታኙን የያዘው ሰው አልነበረም። ባርኔጣው ቀድሞት ሄደ፤ እሱ ወገቡ ድረስ ጭቃ ውሃ ውስጥ ቆሞ አየነው።

«ምን አለ?» አልኳት ዜማን፣ ሰውዬው ሲናገር።

«ምንም አላለም።»

«ሰው ወንዝ ወድቆ ምንም አይልም?»

ያለው ኋላ ነው የተነገረኝ። ተሳፋሪ መቆጣጠር ያልቻለ ሰው ፈቃድ አይሰጠውም፤ ለመጨረሻ ጊዜ በሚመጣው ቅዳሜ አያለሁ፤ አሮጊቷ ግን ብትቀር ይሻላል። ፍቅሩ ይህን ሰምቶ ዝም አለ። የፈታኙ ንግግር ምንም አልመሰለኝም፣ እሱ ባህላችንን አያውቅም። የፍቅሩ ዝምታ ግን እዚህ ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

መኪና ውስጥ ዜማ ጀመረች። «ሶ፣ እማዬ፣ ቅዳሜ ቤት ትሆኛለሽ፣ ኦኬ?»

«ተነሡልኝ ብዬ ለምኛለሁ?»

«አልለመንሽም። ግን አንቺን ሲያዩ ይነሣሉ።»

«ታዲያ የተነሡት ቤት ይቅሩ።»

«እነሱ ከቀሩ ማንን እናሳፍራለን?»

ስምንት ልጅ የወለድኩት፣ ባሌን የቀበርኩት፣ ስንቱን ያስታረቅኩት እንደ ጆንያ ከጀልባ ልወርድ ነው? ቤት ስንደርስ ግን ፍቅሩ መኪናው ውስጥ ቀረ። በመስኮት አየሁት፣ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ፈተናውን ከወደቀ ጀልባዋን ሸጦ በዚያ ወገቡ ወደ ዌርሃውስ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ወርጄ የመኪናውን በር ከፈትኩ።

«እኔ አልቀርም» አልኩት። «ከቀረሁ ጥፋቱ የእኔ ነበር ማለት ነው። ከሁሉ በፊት ግን እኔ እገባለሁ። ተቀምጦ ለቆየ ሰው የሚነሣ የለም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ይሁን፣ እማማ። ዝም ማለት አልነበረብኝም።»

«አልነበረብህም» አልኩትና በሩን ዘጋሁበት።

ቅዳሜ ወፍ ሳይንጫጫ ጀልባው መሐል ቁጭ አልኩ። አንድ በአንድ እየገቡ ሊስሙኝ ጎንበስ ሲሉ፣ «በእጅ ብቻ፤ መሳሙን የብስ ላይ» እያልኩ መለስኳቸው። ፈታኙ ዛሬ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ለብሶ መጥቷል። ጫፍ ላይ መቀመጡንም ትቶ ከእኔ ጎን ተጠጋ። ፍቅሩ ሞተሩን ሊያስነሣ እጁን ሲዘረጋ ከዳገቱ ላይ ነጭ ጥምጥም ታየኝ። መምሬ ባስልዮስ ካባቸውን ሰብስበው፣ መስቀላቸውን ይዘው ይወርዳሉ።

«ማነው የጠራቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ ይርጉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጀልባዋን እንዲባርኩልን ብዬ፣ እትዬ።»

አየሁ፤ የሁሉም ጉልበት ይንቀሳቀሳል። ለእኔ የተነሣ ሰው ለካህን እንዴት ይቀመጣል?

«ማንም እንዳይነሣ» አልኩ። «የተነሣ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

«እትዬ፣ መምሬ ናቸው እኮ።»

«ዓይን አለኝ። ቁጭ በል።»

ለሌላው መናገር ቀላል ነው። የእኔ ጉልበት ራሱ ሊነሣብኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ለካህን ተቀምጬ አላውቅም፤ ወልጄ በተኛሁበት እንኳ የንስሐ አባቴ ሲገቡ በክርኔ ተደግፌ ቀና ብያለሁ። አግዳሚውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። መምሬ አንድ እግራቸውን ጀልባው ላይ አድርገው ቆሙ። ቁጭ ያለውን ሕዝብ ሁሉ ዞረው አዩ፣ መጨረሻ ላይ እኔን።

«እማዋይሽ፣ አሞሻል እንዴ?»

«አላመመኝም፣ አባቴ። ይፍቱኝ። ይህ ጀልባ ሰው ሲነሣበት ይገለበጣል፣ የፍቅሩ እንጀራም አብሮ ይገለበጣል።»

ፊቴ እሳት ሆነ። ሰው በሞላበት፣ ካህን ፊት ተቀምጬ ይቅርታ መለመኔ ነው። መምሬ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው ቀስ ብለው ገቡና ይርጉን በክርናቸው ገፋ አድርገው ተቀመጡ። ጀልባው ንቅንቅ አላለም።

ሄድን። ፍቅሩ በሁለቱ ግንቦች መሐል አስገብቶ ሞተሩን አጠፋ። ግንቡ እላያችን ላይ ቆሟል፣ ከአናቱ ዛፍ በቅሎበታል። ሲሚንቶው ሲፈስስ የደገፈው ጣውላ መስመሩ እስካሁን ይታያል። የሆነ ሰው ያን ጣውላ በእጁ ይዞ ነበር።

«እነማን ናቸው የሠሩት?» አልኩ።

«ስማቸው የለም፣ እማማ። የተጻፈው የአለቆቹ ስም ነው።»

«እንደሱማ ይሆናል» አልኩ። መርከብ ያላመጣው ስሙ ይጻፋል፣ ድንጋይ የተሸከመው አይጻፍም። መምሬ ተቀምጠው መስቀላቸውን ወደ ግንቡ ዘርግተው ስማቸው ለማይታወቅ ሠራተኞች ጸለዩ፤ እኛም ተቀምጠን አሜን አልን።

ስንመለስ ፈታኙ የፍቅሩን እጅ ጨበጠና አለፍክ አለው። ፍቅሩ ወገቡን ይዞ ሳቀ። እኔ መሬት ስረግጥ አስቀድሜ መስቀል ተሳለምኩ። ቀድመውኝ ወርደው ሣሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ብድግ ብለው ኖር አሉኝ። ዜማም ተነሣች።

«አንቺ ቤት ቅሪ ያልሽኝ አይደለሽም?» አልኳት።

«ሶሪ፣ እማዬ።»

«ጮክ በይ፣ ይርጉ አልሰማም።»

ጮክ ብላ ደገመችው።

ከሳምንት በኋላ ፍቅሩ በጀልባው መግቢያ ላይ በቀለም የተጻፈ ሳንቃ ሲቸነክር አገኘሁት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«‹ጀልባ ላይ ኖር አይባልም› ነው፣ እማማ።»

«ማን አለ ይላል?»

«ማንም አይልም። ዝም ብሎ ማስታወቂያ ነው።»

«ቀለሙን አምጣ» አልኩት። «እማዋይሽ ናት ያለችው ብለህ ጨምርበት።»