ግማሽ ኬብል

ሐሴት በታክሲ ካዛንቺስ ስትደርስ «ወራጅ አለ» ማለቱን ረስታ አንድ ፌርማታ አለፈች። የፈረሱትን ቤቶች የከለለውን ቆርቆሮ ታክካ በእግሯ ተመለሰች። የትምህርት ጓደኛዋ ሙክታር ካፌ ውስጥ እየጠበቃት ነው፤ ከሰዓት በኋላ የዶክትሬት ቴሲሱን ሊያስገባ ነው። እሷ ደግሞ ያ ቴሲስ የቆመበትን የራሷን የሒሳብ ቲዎረም ዛሬ ጠዋት በገዛ እጇ አፍርሳዋለች። እንዴት ብላ ትንገረው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ህንፃዎችን፣ መሀል ላይ መገናኛ ምሰሶ እየመረጥክ፣ በትንሹ ኬብል ማገናኘት ፈለግህ እንበል። ትክክለኛውን መልስ ካላገኘሁ ካልክ ኮምፒውተሩም ያረጃል፣ አንተም ታረጃለህ። ስለዚህ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የሚባለው የስሌት ዘዴ ይለመናል፤ እሱም «ግማሽ ኬብል መዘርጋት ይፈቀድልኝ» ይላል። እሺ ይባላል። ግማሽ ኬብል ዘርግቶ ኢንተርኔት ያገኘ ሰው የለም፤ ግን መልሱ ቶሎ ይመጣል፣ ከዚያ ባነሰ ኬብል ማገናኘት እንደማይቻልም ያሳያል። ይህን ዝቅተኛ መጠን ወለል ይሉታል። ህንፃዎቹ ክብ ሠርተው ከቆሙ ግን ወለሉ ጉድ ይሠራል። በየመሀላቸው ግማሽ ግማሽ አድርጎ «ተገናኝታችኋል» ይላል፤ እውነተኛው ኬብል እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህንንማ ጀማሪም ያውቀዋል። ሐሴት ሦስት ዓመት የለፋችው ይህን ማታለል የሚከለክሉ አዳዲስ ደንቦች ጨምራ፣ እውነተኛው ከወለሉ አንድ ተኩል እጥፍ እንደማይበልጥ ልታረጋግጥ ነበር። አረጋገጥኩም አለች። ፊታቸው የማይፈታው አማካሪያቸው ዶክተር ገብረዋህድ እንኳ ፈገግ ብለው ነበር። ሙክታርም የራሱን ሥራ በላዩ ላይ ሠራበት።

ዛሬ ጠዋት ዓርብ ቴሲሷን ፈታኞች ፊት ለምታቀርብበት ዲፌንስ ስዕል ላሳምር ብላ ተቀምጣ፣ ክቦችን ከክቦች ጋር ስትሰካካ፣ ደንቦቿን ሁሉ አክብሮ በግማሽ በግማሽ የሚያልፍ መረብ ወጣላት። እጥፉ ተመልሶ መጣ። የሚታረም ቢሆን እሰየው ነበር፤ ግን ከዚያ ወለል ተነስቶ ማንም፣ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ ከእጥፍ በታች እንደሚያገኝ ቃል ሊገባ አይችልም።

ሙክታር እንዳያት ብድግ አለ። የተጠረዘው ቴሲስ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ማኪያቶሽ ቀዘቀዘ እኮ» አላት።

ዝም ብትልስ? ዓርብን ብቻ እንደምንም ብታልፍስ? ፈታኞቹ ላያዩት ይችላሉ። አይ ሐሴት! እንዲህ ማሰቧ ራሱ አስፈራት።

«ምነው ሐሱዬ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ሙኬ፣ አታስገባው።»

«ምኑን?»

«ቴሲሱን። ቲዎረሜ ስህተት ነው፣ በቃ።» እንባዋ መጣ። «ገደል ከተትኩህ።»

ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። አልጮኸም። አቀርቅሮ ሶፍት ሳበና እስክሪብቶ አወጣ። እየሣለ «ይኼ ነው?» አላት።

አየችው። የእሷ መረብ ገጽ ይሞላል፤ የእሱ ከመዳፍ አይበልጥም። ግን ያው ነው፤ እንዲያውም የእሱ ያምራል።

«መቼ አገኘኸው?»

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል።»

«ሁለት ሳምንት!» አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ዞሩ። «አፍህን ዘግተህ? ዓርብ ፈታኞች ፊት ራቁቴን ልታቆመኝ ነበር?»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ማለቴ... ያስተማርሽኝ አንቺ። ትምህርቱን ላቋርጥ ስል እጄን ይዘሽ ያስቀረሽኝ አንቺ። በምን አፌ ተሳስተሻል ልበልሽ? ስንቴ ደውዬ የባጥ የቆጡን አውርቼ ዘጋሁት።»

«እና ውሸት መሆኑን እያወቅክ ልታስገባው?»

«አብሬሽ ልወድቅ ነዋ።»

ወይ ይሉኝታ! ስንቱን ሰው በቁሙ ቀበረ እባካችሁ። ሐሴት በጥፊ ልትለው አማራት፣ ልታቅፈውም አማራት። ሁለቱንም ሳታደርግ ስልኳን አወጣች። ዶክተር ገብረዋህድ ዘንድ ደውላ፣ ሙክታርም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቲዎረሜ ፈርሷል» አለችና ከሶፍቱ ላይ እያየች መረቡን አስረዳቻቸው።

ዶክተሩ መረቡን አንዴ አስደገሟት።

«ሐሴት፣ ይኼማ ከቲዎረሙ ይበልጣል። ወለሉ ራሱ እንደማይበቃ ማሳየት ቀላል ነገር መሰለሽ? ይኼ ብቻውን ቴሲስ ይሆናል።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማን ነው ያገኘው?»

እሷም እኮ ማንም ሳይነግራት፣ ለብቻዋ አግኝታዋለች። እኔ ብትል ዋሸች የሚላት የለም። ሙክታርም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ በጣቱ ወደ እሷ ይጠቁማል፤ አንቺ ነሽ፣ እኔ ነኝ በያቸው ነው የሚላት። ሦስት ዓመቷ በአንዲት ቃል ሊተርፍላት ነው።

«ሙክታር ነው» አለች። «ከእኔ በፊት።»

ስልኩን ሰጠችውና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።