ያልተስተካከለው መደብ

ስንዴዬን ነቀሉት። በሽታ አይደለም፣ ከብት አይደለም፣ ጎርፍም አይደለም። የተማረ ሰው እጅ ነው የነቀለው፤ ያውም ለጥቂት ቀን ዞር ስል ጠብቆ።

ከመጀመሪያው ልናገር፣ አለበለዚያ ነገሩ ስድብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኔ የስንዴ ተመራማሪ ነኝ። ይህ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ከየአገሩ የግብርና ተመራማሪዎችን ይጋብዛል፤ መኝታ ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ መስታወት ቤት ውስጥ አንድ መደብ አፈርና አንገት ላይ የሚንጠለጠል «እንግዳ ተመራማሪ» የሚል መታወቂያ ይሰጣል። የተመረጥኩ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ያልሳመኝ ሰው የለም፤ ሲያሙኝ የከረሙት ሳይቀሩ።

ይዤ የመጣሁት ግን የታላቅ ወንድሜን አደራ ነው። ወንድሜ ገበሬ ነው። አምና ዋግ፣ ያ ቅጠሉን እንደ ብረት የሚያዝገው በሽታ፣ የስንዴ ማሳውን ጠራርጎ ሲበላበት፣ መሃል ላይ ዘለግ ዘለግ ያሉ፣ ዘግይተው የሚያፈሩ፣ መልካቸውም የማያምር ጥቂት ስንዴዎች ምንም ሳይነካቸው ቆመው ቀሩ። እነሱን ለቅሞ ግማሹን ለራሱ አስቀረ፣ ግማሹን በጨርቅ ቋጥሮ ሰጠኝ። ለዚህ ካልሆነ የተማርሽው ለመቼ ነው አለኝ። አስመርምሬ፣ አስፈቅጄ ይዤው መጣሁ። ብዙም ሳልቆይ ደወለልኝ፤ የእሱን ግማሽ ገና ቡቃያ እያለ በረዶ መታው። እንግዲህ ዘሩ ቀረ ከተባለ የቀረው እኔ መደብ ላይ ብቻ ነው።

የያዝኩትን ሁሉ ዘርቼዋለሁ፤ የዘራሁትም አደባልቄ ነው። ዋግ የሚወደው አጭር ስንዴ አለ፤ እሱን ከወንድሜ ረጃጅሞች ጋር ቀላቀልኩት። አጭሩ ይታመም፣ በሽታውን ለጎረቤቱ ያጋባ፣ ረጃጅሞቹ ይችሉት እንደሆነ ይታይ። መደቡ ታዲያ ለዓይን አያምርም። አጭሩ ከሥር ደርሶ ከሩቅ ወርቅ ይመስላል፤ ረጃጅሞቹ እዚህም እዚያም አንገታቸውን አስግገው ገና አረንጓዴ ናቸው። ይህን ሁሉ ለጋባዣችን ለፕሮፌሰሩ ገና በመጣሁ ሰሞን በሥዕል ጭምር አስረድቻቸዋለሁ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተውኛል።

ቢሮ የሚጋራኝ እንደኔው ከሌላ አገር የተጋበዘ ሰው ነው። አጣሪው እንለዋለን። በአገሩ የምርጥ ዘር መርማሪ ነው፤ ማሳ ለማሳ እየዞረ በቁመትም በቀለምም ከዘሩ የተለየውን ነቅሎ ሲጥል ነው የኖረው። ደግ ነው፣ «እህቴ» ሳይል አይጠራኝም። ግን ያልተስተካከለ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ የጠረጴዛዬን እርሳሶች እንኳ በቁመታቸው ይደረድርብኛል።

እኛን እንግዶቹን የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ሊያስጎበኙ ሲወስዱን አጣሪው ጥርሱን አሞት ቀረ። ስመለስ ሻንጣዬን እንደያዝኩ መስታወት ቤቱ ገባሁ። መደቡ ፀጉሩን እንደተስተካከለ ልጅ ራስ ልሙጥ ብሏል። ለመድኃኒት እንኳ አንድ ረጅም አልቀረም። አጣሪው ጉንጩ እንዳበጠ አጠገቡ ቆሟል፣ ፈገግ ብሏል።

«አጸዳሁልሽ፣ እህቴ» አለኝ።

ዓይኔ ደም ለበሰ። ያልኩትን ሁሉ አልደግመውም፤ ብቻ ውሃ አጠጪዋ ሴትዮ ቱቦዋን ጥላ ወጣች። እሱ እየተርበተበተ አስረዳኝ። ፕሮፌሰሩ ናቸው የላኩት። በማግስቱ የፕሮግራሙን ወጪ የሚሸፍኑት ሰዎች ሊጎበኙ ስለሚመጡ፣ መደቡ ተዝረክርኮ እንዳይታይ «አንተ ታውቅበታለህ፣ አስተካክለው» ብለውታል። እሱም ውለታ የዋለልኝ መስሎት ጥርሱ እየጠዘጠዘው ሲነቅል ውሏል።

«ረጃጅሞቹ እኮ ናቸው ዘሩ» አልኩት።

ፊቱ አመድ ሆነ። ሥራውን ያውቃልና ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

እዚህ ቤት ከውጭ የመጣ ተክል ተነቅሎ ዝም ብሎ አይጣልም። በሽታ እንዳይወጣ በከረጢት ታስሮ በትልቅ የእንፋሎት ማሽን ይቀቀላል። ሮጥን። ከማሽኑ የወጡት ከረጢቶች ደጅ ተደርድረው ይጨሳሉ፤ የወንድሜ ስንዴ ተቀቅሎ ሸተተኝ። አጣሪው አይዞሽ፣ አይዞሽ ይለኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ?

ከማሽኑ ኋላ ግን አንድ ከረጢት ተራውን እየጠበቀ አገኘን። ፈታሁት። ዛላው አለ፣ ፍሬው ግን ገና ሊጥ ነው፤ በጥፍር ሲጫኑት ይፈርጣል። እንዲህ ያለው ፍሬ ከአገዳው ከተለየ አበቃለት። ከነአገዳው ቁልቁል ተሰቅሎ ቀስ ብሎ ከደረቀ ግን፣ አገዳው ያለችውን እያቀበለው አንዳንዱ ለዘር ይበቃ ይሆናል። ለዚያ ደግሞ ደረቅና ነፋሻ ቦታ ያስፈልጋል፤ መስታወት ቤቱ እርጥብ ነው። በግቢው ውስጥ ለዚህ የሚመች አንድ ክፍል ብቻ አለ፣ ለነገዎቹ ጎብኚዎች ወንበሩ ሳይቀር ነጭ ጨርቅ የለበሰበት አዳራሽ።

ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጠርን፣ ስንዴዬን እንደ ልብስ አሰጣሁት። ጠዋት ፕሮፌሰሩ እሳት ጎርሰው መጡ። ይህ አዳራሽ እንጂ ጎተራ አይደለም፣ አሁኑኑ ይውረድ አሉ። ማሳዬን ያስነቀሉት እርስዎ ነዎት፣ እኔ እዚህ አዳራሽ በፈቃዴ አልገባሁም አልኳቸው። ትንሽ ስህተት እንዲህ አይጋነንም፣ ዘሩን እንደገና ማስመጣት ነው አሉኝ።

«ከየት?» አልኳቸው።

በዚህ መሃል እንግዶቹ ገቡ።

ከመካከላቸው አንዲት ሴትዮ ቀና ብላ ይሄ ምንድነው ስትል፣ ፕሮፌሰሩ ፊታቸውን በቅጽበት አስተካክለው፣ ዋግን የሚቋቋም ስንዴ አግኝተናል፣ አዲስ የማድረቂያ ዘዴም እየሞከርን ነው ብለው እርፍ። አግኝተናል! እዚህ ላይ አንቱታዬ አለቀ። ከአሁን በኋላ እሱ ነው።

«ያገኘው ወንድሜ ነው» አልኩ ተነስቼ። «ያስነቀልከው ደግሞ አንተ ነህ። እነሆ ትራፊው።»

ወደ እንግዶቹ ዞሬ፣ ያማረውን መደብ ደግሞ ሄዳችሁ እዩት፣ በሩቁ ግን አይደለም፣ በእጃችሁ ዳብሱት አልኳቸው። ሄዱ። ፕሮፌሰሩም እየቀደመ ሊያስረዳ ቅጠሉ መሃል ገባ። የነካው ሰው ሁሉ ጣቱ ዝገት የመሰለ የዋግ ዱቄት ተቀባ፤ የፕሮፌሰሩ ነጭ እጅጌ እስከ ክርኑ ዛገ። ሴትዮዋ ጣቷን እያየች፣ የነቀላችሁት የዳነውን ነው ማለት ነው አለችው። እሱ እጅጌውን ማራገፍ ያዘ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የተቀቀለው አይመለስም።

ስንዴው ሲደርቅ ፍሬውን እርጥብ ወረቀት ላይ አኖርነው። አብዛኛው ሻገተ። ጥቂቱ በቀለ፤ ወደ ማሰሮ አዛወርነው። ወደ አገሬ ልወስደው ደግሞ አልችልም፣ ቡቃያ ድንበር አያልፍም። እስኪያፈራ እንድቆይ ጊዜዬ እንዲራዘም ጠየቅኩ። ፕሮፌሰሩ ፊት ለፊት እንኳ ሊነግረኝ አልደፈረም፤ በጸሐፊዋ በኩል አይቻልም አለኝ። የአጣሪውን አራዘመለት። ሥርዓት ያለው ሰው ነዋ!

እርር ድብን እያልኩ ሻንጣዬን ዘጋሁ። ቡቃያውን የምተውለት ሌላ ማን አለኝ? የነቀለውን ሰው ብቻ። ማሰሮዎቹን ሳስረክበው አላቀፍኩትም፣ ይቅርም አላልኩትም። ከሞቱብህ ዓይንህን አላይም አልኩት። እሺ እህቴ አለ፣ አቀርቅሮ።

አገሬ ስገባ ወንድሜ ዘሩን የት ተውሽው ሲለኝ እውነቱን ነገርኩት።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» አለኝ። «እሱ ከሁሉም ይሻላል።»

ስንዴው ይዘረዝራል ባልኩበት ሰሞን አጣሪው ፎቶ ላከልኝ። የወንድሜ ረጃጅሞች አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል። ማሰሮዎቹ ግን ሌላ ነገር ሆነዋል፤ ሙጃው፣ ሐረጉ፣ ስሙን የማላውቀው ሁሉ ስንዴዬን አንቆ ይዟል። እርሳስ በቁመት የሚደረድር ሰው! ደሜ ፈላ፣ ወዲያው ደወልኩለት።

«አንተ ሰውዬ፣ አረሙንማ ንቀለው እንጂ» አልኩት።

«እሺ እህቴ» አለኝ። «መጀመሪያ ግን የትኛው አረም እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ።»